ይቅርታን ለሰኞ ለቀጠሩት ሊቀ መንበር

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14 ቀን
እህል በረንዳ፣ አዲስ ከተማ

ለተከበሩ ጋሼ ጴጥሮስ፣
የላስቲክ ዕቃ ጅምላ አከፋፋይ፣ የበረንዳዎች ዋንጫ ሊቀ መንበር፣ የፋንታሲ ሊጋችንም ሊቀ መንበር፣ የሦስት ተከታታይ ዓመት ባለ ወንበር፤
ባሉበት።

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጉልበትዎን እንዴት አድርጎታል? ስኳሩስ? ቤተሰቡስ፣ ሱቁስ፣ ከመሬት እስከ ጣሪያ የተደረደሩት ባልዲዎችስ ደህና ሰነበቱ? ከሁሉ አስቀድሜ ግን የባርኔጣዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ከሁለት ሳምንት ወዲህ የመሳለሚያ ሰፈር ሰው ሲተኛም ሲነሳም የሚጨነቀው ለእሱ ነውና። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ከንዴት በቀር ሌላ ሕመም የለብኝም፤ ንዴቱም በእርስዎ በኩል የደረሰኝ ስለሆነ እንደ ትልቅ ሰው ስጦታ በሁለት እጄ ተቀብዬ ይኸው እስከ ዛሬ አስቀምጬዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ምንይሉ ነኝ፤ በእህል በረንዳ ሃያ ሁለት ዓመት የጆንያ አፍ የሰፋሁ፣ ከስፌቴ አንዲት ፍሬ ጤፍ ሾልካ የማታውቅ። እስከ ዓምና ድረስ ስብሰባ ባለ ቁጥር የቀለሙን መርገጫ ወደ እኔ እየገፉ «ያንተን ደግሞ ጣትህን» የሚሉኝ ሰው ማለት ነኝ። ዘንድሮ ግን የማታ ትምህርቴን ከሃያ ሦስት ጎልማሶች አንደኛ ወጥቼ ጨርሻለሁ፤ ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ በጥቂት ነው የምታንሰኝ፣ እሷም በልጅነቷ ትንሽ ተምራ ስለነበር አይቆጠርላትም። ስለዚህ ይህን ማን ጻፈለት ብለው ሰው እንዳያስፈልጉ፤ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ የእኔው እጅ ነው። መምህርታችን ማርያማዊት «አቤቱታ በቁጥር ይቀመጣል፣ ስድብም አይገባበትም» ብላ አስተምራናለች። ቁጥሩን አስገብቻለሁ። ስድቡን ለማስቀረት ደግሞ የቻልኩትን ያህል ታግያለሁ።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ፣ በሱቅዎ መዝጊያና በመሳለሚያው የመብራት ምሰሶ ላይ ስለሚለጠፍ፣ ፎቶውም በቴሌግራም ግሩፓችን ስለሚገባ፣ ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ በአጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎ እስከዚያው ሻይዎን ይጠጡ። እሑድ እሑድ የመርካቶ በረንዳዎችና ተራዎች ኳስ ይጋጠማሉ፤ ይህ የበረንዳዎች ዋንጫ ይባላል። እግራችን ኳስን የተሰናበተ አሥራ ሁለት ሰዎች ደግሞ ከእነዚሁ ተጫዋቾች መካከል በዕጣ ተራ እየመረጥን በወረቀት ላይ የየራሳችንን ቡድን እንሠራለን፤ ይህ ፋንታሲ ይባላል። የመረጥነው ሰው ሜዳ ላይ ጎል ሲያገባ እኛ ነጥብ እናገኛለን፤ ቀይ ካርድ ሲያይ አሥራ አምስት ነጥብ ይቆረጥብናል። ዓመቱን በአንደኝነት የጨረሰ ሰው ሽልማቱ አንድ ሰማያዊ የላስቲክ ወንበር ነው፤ በጀርባው ላይ ስሙ በነጭ ቀለም ይጻፍና በሜዳው ዳር ይቀመጣል፣ ዓመቱን ሙሉም ከእሱ በቀር ማንም አይቀመጥበትም። ሦስት ዓመት ሙሉ የተጻፈበት የእርስዎ ስም ነው። ወንበሩም ከእርስዎ ሱቅ የመጣ ነው። ይህን በክፉ አላነሳሁትም፤ ሰው ከራሱ ሱቅ በመጣ ወንበር ላይ በራሱ ስም ቢቀመጥ ምን ነውር አለው?

በዓለም ላይ ፋንታሲ የሚጫወተው ሕዝብ ብዙ ነው ይባላል፤ የዋስ ደንብ ያለው ግን የእኛ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የእኛ ተጫዋቾች እሑድ ተጣልተው ሰኞ ጠዋት አንድ መኪና ላይ ጤፍ የሚጭኑ ናቸው፤ የሚያሸክመውና የሚሸከመው ከተኳረፉ ኩንታሉ የሚወርደው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ቁጡ ተጫዋች የመረጠ ሰው የቁጣው ዋስ ሆኖ ይፈርማል። ልጁ ቀይ ካርድ ባየ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ዋሱ ሽማግሌ ይዞ ተበዳዩ ደጅ ሄዶ «ይቅር ብያለሁ» ካሰኘ፣ የተቆረጠው ነጥብ ይመለስለታል። ይህን ደንብ ያወጣን ቀን እርስዎ ራስዎ «እርቅ ነጥብ ያስገኝ!» ብለው አጨብጭበው ነበር። ጭብጨባዎ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ባለፈው ጥቅምት በሱቅዎ ጓዳ ባልዲ ገልብጠን ተቀምጠን ተጫዋች ስንመርጥ፣ ከጣሳው ውስጥ አንደኛው ዕጣ ለእኔ ወጣ። ያኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ስለነበር ተጫዋቾችን የምመዘግበው በሥዕል ነበር፤ ለበረኛው በር፣ ለረጅሙ ተከላካይ የመብራት ምሰሶ፣ ለእህል በረንዳው አጥቂ ለሙናዊር ደግሞ ቃሪያ። ሰው ሁሉ ጨዋ ጨዋውን ይመርጣል ብሎ ሲጠብቅ እኔ ጣቴን ቃሪያው ላይ አሳረፍኩ። እርስዎም «ምንይሉ ቃሪያውን ገዛ፣ ውሃ አቅርቡለት!» ብለው ቤቱን አሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ቀልድ ሲሰማ የማይስቅ ሰው አይደለሁም፣ የሙያ ባልደረባዎ ነኝና። ከዚያ እርስዎ ተራዎ ሲደርስ እነዚያን ጎል ሲገባባቸው ለአግቢው «እንኳን ደስ ያለህ» የሚሉ ጨዋዎችዎን አንድ በአንድ ሰበሰቡ።

ሙናዊርን ያውቁታል። ኩንታል ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ የማይሰማ፣ ኳስ እግሩ ሥር ስትገባ ግን ሜዳው ሁሉ ትንፋሹን የሚይዝለት ሰው ነው። ቁጣውም እንደ ችሎታው ነው፣ አልክድም። ዘንድሮ አራት ቀይ ካርድ አይቷል። በመጀመሪያው ጊዜ የዳኛውን የጋሼ ፍቃዱን ፊሽካ ከአፋቸው ነጥቆ፣ ራሱ ነፍቶ፣ ራሱ ለራሱ ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። እኔ ፊሽካውን በሎሚና በሙቅ ውሃ አጥቤ፣ አዲስ ክር አስገብቼ ይዤላቸው ብሄድ፣ ጋሼ ፍቃዱ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው «ከእኔ እሱ ሲነፋው ድምፁ ያምራል» ብለው ይቅር አሉት። በሁለተኛው፣ ከጨዋታ ውጭ ነህ ቢሉት ኳሷን በንዴት ጠልዞ ወፍጮ ቤት ባላቸው በእትዬ ውባንቺ የተሰጣ በርበሬ መሃል ጣላት። እትዬ ውባንቺ ራሳቸው የፋንታሲያችን አባል ስለሆኑ «ቀይ ካርዱ አነሰው፣ እኔ ቀይ በርበሬውን አጎርሰዋለሁ!» እያሉ እስከ ራጉኤል በር ድረስ አሳደዱት። በማግስቱ ይዤው ሄድኩ፤ ቀኑን ሙሉ ጆንያቸውን ሲያወርድላቸው ዋለ፤ ማምሻውን ምሳ ዕቃ ሙሉ ሽሮ ሰጥተው መርቀው ሸኙት። ሦስተኛው ከቆርቆሮ ተራው ተከላካይ ከሀያቱ ጋር ነው፤ ተጋፉ፣ ተሰዳደቡ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሁለቱንም መስጊዱ በር ላይ ጠብቄ፣ በአንድ እጄ አንዱን በሌላው እጄ ሌላውን ይዤ፣ እስኪስቁ ድረስ አልለቅም አልኩ። አሁን ምሳ የሚበሉት አብረው ነው፤ እኔን ግን አይጠሩኝም።

ሦስት ቀይ ካርድ፣ ሦስት እርቅ። በዚህ ከተማ እንደ እኔ ያለ አስታራቂ ካለ በአድራሻዬ ይጻፍልኝ፣ አሁን ማንበብ እችላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ግንቦት ሲያልቅ በ214 ነጥብ አንደኛ ነበርኩ፣ እርስዎ በ209 ሁለተኛ፣ እትዬ ውባንቺ በ201 ሦስተኛ። ቃሪያው አቃጠለ፤ ያቃጠለው ግን እኔን አልነበረም።

ወደ አቤቱታዬ እገባለሁ።

1ኛ፦ ሰኔ 1 ቀን ሙናዊር የፍጹም ቅጣት ምት፣ እኛ ሪጎሬ የምንለውን፣ ሳተ። ሰው ነውና ይስታል። እርስዎ በዚያን ጊዜ ስምዎ ከተጻፈበት ወንበር ላይ ተነስተው፣ አንድ ሰማንያ ሰው እየሰማ «አንተ ተሸካሚ፣ ኳስ ናት እንጂ ጆንያ አይደለችም፣ በእግርህ ነው እንጂ በጀርባህ አይደለም!» አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ ቀልድ አውቃለሁ ብያለሁ፤ ይህ ግን ቀልድ አልነበረም፣ ምክንያቱም ከሚስቁት መካከል አንድም ኩንታል የተሸከመ ሰው አልነበረም። ሙናዊር ማሊያውን አውልቆ ወረወረ፤ በላብና በዝናብ የራሰው ማሊያ ባርኔጣዎን ይዞት ወደ ጎርፍ ቦዩ ወረደ። ጋሼ ፍቃዱ ቀይ ካርድ ሰጡት፣ ልክ ናቸው። የእኔም 214 አሥራ አምስት ተቆርጦበት 199 ሆነ፣ መሪነቱም ወደ እርስዎ ዞረ፤ ከዚያ ወዲህ ለሦስታችንም ጎል ያገባልን የለም። ልጁ አጥፍቷል፣ ይህንንም በእርስዎ ፊት፣ በእሱም ፊት ተናግሬያለሁ። ነገር ግን ላመሰግንዎ የምፈልገው አንድ ነገር አለ፤ በዚያች ቅጽበት የሰደቡት እሱን ብቻ መስሎዎት ነበር፣ እኔ ግን ዙሪያዬን ሳይ የሚጭኑት፣ የሚያወርዱት፣ የሚሰፉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ሰው ማዳረስ የተማረ ሰው ችሎታ ነው።

2ኛ፦ በሳምንቱ ማክሰኞ ዋስ ነኝና ሽማግሌ ይዤ ደጅዎ መጣሁ። ሽማግሌዎቹ ጋሼ ፍቃዱና ሀያቱ ነበሩ፤ እነሱም ራሳቸው ከዚህ ቀደም በሙናዊር ተበድለው ይቅር ያሉ ስለሆኑ ልምድ አላቸው። ሙናዊር እንደ አባቶቻችን ሥርዓት ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ በሱቅዎ ደጃፍ ቆመ። እርስዎ ደንበኛ ስለነበረብዎ ሥራዎን ቀጠሉ። ቆጥሬዋለሁ፤ ሰውየው ድንጋይ ተሸክሞ ቆሞ ሳለ አሥራ ሁለት ባልዲ፣ ሁለት ሳፋና አንድ የልጆች ገንዳ ሸጡ። ከልጆቹ ገንዳ በኋላ ቀና ብለው አዩትና «ድንጋዩ ትንሽ ነው» አሉ። ስድስት ቀን ኩንታል የሚሸከመው ሰው ላይ! እኔ በሕይወቴ የድንጋይ መጠን የሚለካ ተበዳይ ሰምቼ አላውቅም፤ እህል በረንዳ ሚዛን ያለን እኛ ነን፣ ቢነግሩን ኖሮ መዝነን እናመጣልዎ ነበር። ሙናዊር ድንጋዩን ቀስ ብሎ አወረደና «ጋሼ ምንይሉ፣ ተወው፤ ድሮስ ተሸካሚ አይደለሁ» አለኝ። እኔን የቆረጠኝ የእርስዎ ቃል አይደለም፣ የእሱ ነው።

3ኛ፦ ባርኔጣዎን ከቦይ አውጥተን፣ ለብ ባለ ውሃ አጥበን፣ በቅርጹ እንዲደርቅ ድስት ላይ ደፍተን መልሰንልዎታል። እንዲያውም ከመውደቁ በፊት እንዲህ ንጹሕ እንዳልነበር የሚናገሩ አሉ። ይህ አቤቱታ አይደለም፤ በቁጥር ይቀመጥ ስለተባልኩ ነው።

4ኛ፦ ሐሙስ ለብቻዬ መጣሁ። ያኔ ደግ ነበሩ፤ ወንበር ሰጡኝ፣ ስሜን ጠሩ፣ ስለ ትምህርቴ ጠየቁኝ። ከዚያም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «ሰኞ ጠዋት አምጣው፣ ይቅር እለዋለሁ፤ ከልቤ ነው የምልህ» አሉኝ። በደስታ እጅዎን ልስም ስነሳ ነው ሰኞ ምን እንደሆነ ትዝ ያለኝ። አሥራ አራቱ ቀን ቅዳሜ ያልቃል፣ ፍጻሜው እሑድ ነው። ሰኞ ነጥብ አይመለስም፤ ወንበሩም እሑድ ማታ ስም ይጻፍበታል። ጋሼ፣ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ይቅርታ ልብ ውስጥ ከሌለ የለም፣ ካለ ደግሞ ለምን ሰኞን ይጠብቃል? እርስዎ ግን ይቅርታዎን አውጥተው፣ አቧራውን ጠርገው፣ መደርደሪያ ላይ ከባልዲዎቹ አጠገብ አስቀምጠውታል፤ አለ፣ ይታያል፣ እስከ ሰኞ ግን አይሸጥም። በዚህ ሁሉ ዓመት ብዙ ቂመኛ አይቻለሁ። ቂም ሳይኖረው ይቅርታ የከለከለ ግን እርስዎን ብቻ ነው ያየሁት። ቂመኛ እንኳ ከእርስዎ ይሻላል፣ ቢያንስ ያመዋል።

5ኛ፦ ይህ የመጨረሻውና ከባዱ ነው። ቀይ ካርዱ የተሰጠ ዕለት መነጽርዎን አድርገው፣ መዝገቡን ከፍተው፣ በሁላችን ፊት «ደንብ ዘጠኝ፦ በአሥራ አራት ቀን እርቅ ካልወረደ ተጫዋቹ ከበረንዳዎች ዋንጫ ለዘለዓለም ይሰረዛል» ብለው አነበቡ። ነገም ፍጻሜውን ከቆርቆሮ ተራ ጋር ያለ ሙናዊር እንድንጫወት አዘዙ። ሊቀ መንበር ሲያነብ ማን ይናገራል?

እኔ ግን፣ ጌታዬ፣ አዲስ በሽታ ይዞኛል። ማንበብ የቻለ ሰው የሱቅ ማስታወቂያ ያነባል፣ የታክሲ ጀርባ ያነባል፣ የመድኃኒት ወረቀት ያነባል፤ ማቆም አይችልም። ስለዚህ ራጉኤል አጠገብ ክርና ቁልፍ ወደምትሸጠው ወደ ጸሐፊያችን ወደ እስከዳር ሄጄ መዝገቡን አሳዪኝ አልኳት። አሥራ አንዱን ገጽ በሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ጨረስኩት፤ ልብስ ሰፊ ሁሉ ክር ሊገዛ እየመጣ በእኔ ላይ እየተሻገረ ነው ያነበብኩት። ደንብ ዘጠኝ ስደርስ ሦስት ጊዜ አነበብኩ፤ አንድ ጊዜ በልቤ፣ አንድ ጊዜ ጮክ ብዬ፣ አንድ ጊዜ ጣቴን ከቃል ወደ ቃል እያስኬድኩ። እንዲህ ይላል፦ «ዋሱ በአሥራ አራት ቀን ውስጥ እርቅ ካላወረደ፣ ዋሱ ከሊጉ ይሰረዛል።» ዋሱ! ተጫዋቹ የሚል የለም። የሚሰረዘው ሙናዊር አይደለም፣ እኔ ነኝ። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ እሱን ወደ መጨረሻ አቆይቼዋለሁ፣ ጣፋጭ ነገር ቶሎ አያልቅምና።

እስከዳር አንገቷን ነቅንቃ «እርስዎ እስኪመጡ ድረስ ይህን ገጽ የገለጠው ሰው የለም» አለችኝ። ከሥሩ አሥራ ሁለት ምልክት አለ፤ ከላይ የእርስዎ ያማረ ፊርማ፣ ከአጠገቡ የእኔ አውራ ጣት። አሥራ ሁለታችንም የፈረምንበትን አሥራ ሁለታችንም አላነበብነውም። እኔስ ባለመቻሌ ነው፤ የተማራችሁትስ? እርስዎ ደግሞ በዚያ ዕለት መነጽር አድርገው ከፊትዎ የሌለ ቃል አነበቡ። እንደዚህ ያለ ማንበብ የማታ ትምህርት ቤት አይሰጥም፤ የት እንደሚሰጥ ቢጠቁሙኝ በሚቀጥለው መስከረም እመዘገባለሁ።

አሁን ቀልዱን ትቼ ለአንዲት አንቀጽ ያህል ቁም ነገር ልናገር። ሙናዊር ሰኞ «አንተ» ነው። ማክሰኞ «ና አንተ ወዲህ» ነው። ረቡዕ «ያ ተሸካሚ» ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ ስሙን የሚጠራ የለም፤ አሠሪው እንኳ የሚያውቀው አይመስለኝም። እሑድ ብቻ ነው፣ በሁለት ጎል መካከል፣ ሜዳውን የከበበው ሕዝብ በአንድ ድምፅ «ሙናዊር! ሙናዊር!» የሚለው። እርስዎ ከመዝገብ ልሰርዘው ያሉት ተጫዋች አይደለም፤ የአንድን ሰው ስም ነው። እኔ ስም ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አርባ አምስቱን ዓመት አውራ ጣት ነበርኩ።

እውነቱን ልንገርዎ፣ እስከዳር ሱቅ መዝገቡን ከዘጋሁ በኋላ ዝም ልል አስቤ ነበር። ዝም ብል ሙናዊር ይሰረዛል፣ እኔ እቀራለሁ፣ ለከርሞም ወንበሩን እመኛለሁ። ብናገር የምሰረዘው እኔ ነኝ። ያንን ወንበር ደግሞ እንዴት እንደምፈልገው አያውቁም። ስሜን በነጭ ቀለም በጀርባው ላይ ራሴ እንድጽፈው እንዲፈቀድልኝ ልለምን አስቤ፣ ባዶ ጆንያ ላይ በከሰል ስንት ጊዜ ተለማምጄ መሰልዎት! የእህል በረንዳ ጤፍ ግማሹ ከተማ ውስጥ የተበላው «ምንይሉ» ተብሎ በተጻፈበት ጆንያ ነው። ባለቤቴ ጤናዬ ነገሩን ስነግራት «አንተ ሰውዬ፣ ስም የተማርከው ወንበር ላይ ለመጻፍ ነው እንዴ?» አለችኝ። እሷ ማታ አልተማረችም፤ ከእኔ ግን አንድ ክፍል ትበልጣለች።

ዛሬ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ አሥራ አራተኛው ቀን ሲሞላ፣ በእስከዳርና በጋሼ ፍቃዱ ፊት መዝገቡን አስከፍቼ፣ በሠንጠረዡ ላይ «ምንይሉ» የሚለውን ስም በራሴ እጅ፣ በአንዲት ቀጥ ያለ መስመር ሰርዤዋለሁ። ጽሕፈቴ የሚያምር ስለሆነ መስመሩም አምሯል፤ ሄደው ይመልከቱት። የሙናዊር ስም ከሥሩ እንዳለ ነው፤ ማንም አልነካውም፣ በደንቡም ማንም ሊነካው አይችልም። ስለዚህ ነገ ከሰዓት በኋላ ሙናዊር ይጫወታል። የአንድ ጨዋታ ቅጣቱን ባለፈው እሑድ ጨርሷል። እኔ ወንበር ስለሌለኝ ቆሜ አየዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ የሰፋሁ ሰው ዘጠና ደቂቃ መቆም አያቅተኝም። ስሙንም ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው እኔ ነኝ፣ ድምፄን ያውቁታል።

በሰፊ ትዕግሥትዎ ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ፣ ደግሞም በእርስዎ ምክንያት መዝገብ ማንበብ ስለለመድኩ፣ ከፍ ያለ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለባርኔጣዎ ረጅም ዕድሜ ይስጠው፣ ባልዲዎ አይሰንጠቅ፣ መነጽርዎ የተጻፈውን ብቻ ያሳይዎ፣ ከራስዎ በቀር የሚበድልዎ አይኑር እያልኩ፣ ከማያንስ አክብሮትና ከማይበርድ ንዴት ጋር እሰናበትዎታለሁ።

የቀድሞው የፋንታሲ አባል፣
የሙናዊር የቀድሞ ዋስ፣
የእህል በረንዳ ጆንያ ሰፊ
ምንይሉ
(ይህ ፊርማ ነው፤ ጣት አይደለም)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ያቆየሁትን ዓረፍተ ነገር ልረሳው ነበር። ደንብ ዘጠኝ እንዲህ ሲል ይፈጸማል፦ «የተሰረዘው ዋስ ተጫዋቾች በዕለቱ ሠንጠረዡን ለሚመራው አባል ከነዋስትናቸውና ከነቅጣታቸው ይተላለፋሉ።» ዛሬ ሠንጠረዡን የሚመሩት እርስዎ ስለሆኑ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ ቃሪያው የእርስዎ ነው፤ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ውሃ ይቀርብልዎታል። አሥራ አምስቱም ነጥብ ከእሱ ጋር ወደ እርስዎ መጥቷል፤ 209 የነበረው 194 ሆኗል፣ እትዬ ውባንቺም በ201 ከወዲሁ ቀለም እያዘጋጁ ነው። ነጥቡ የሚመለሰው አዲሱ ዋስ ነገ ማታ ወንበሩ ላይ ስም ከመጻፉ በፊት ተበዳዩን ካስታረቀ ብቻ ነው። ዋሱ እርስዎ ነዎት። ተበዳዩም እርስዎ ነዎት። ሁለት ሽማግሌ ይዘው ዛሬውኑ ወደ ራስዎ ይሂዱ። ከልምዴ ልምከርዎ፤ ሰውየው ደንበኛ ሲኖርባቸው አያናግሩም፣ ድንጋዩንም ተለቅ ያለ ይያዙ። ሰኞ ና ካሉዎት ግን እሺ እንዳይሉ፤ ሰኞ ወንበሩ ላይ የሚቀመጡት እትዬ ውባንቺ ናቸው።